ለዶፍ ዝናብ የሚሆን የሞተረኛ የዝናብ ልብስ፦ ምን ዓይነት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ መልእክተኛው ከፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ። በመሃል ከተማ በሞተር ሳይክል ሰነድና አነስተኛ ዕቃ አደርሳለሁ። መስመሬ በአብዛኛው ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር፣ ከዚያም በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ካዛንቺስና አራት ኪሎ የሚዞር ነው። የምነዳው 125 ሲሲ የሆነ፣ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሞተር ሲሆን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ እግሬ በኩል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሰኔ ሳይገባ፣ ከልብስ በላይ የሚደረብና የሐምሌንና የነሐሴን ዶፍ የሚችል የዝናብ ልብስ ልገዛ ስለወሰንኩ፣ ልምዱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አሁን ያለኝ ወፍራም የላስቲክ ጃኬትና ሱሪ ነው። በካፊያ ጊዜ ምንም አይለኝም። ዶፉ ሲመጣ ግን ቴዎድሮስ አደባባይን እንዳለፍኩ ብሽሽቴ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማኛል፤ ለገሃር ስደርስ መቀመጫዬ በሙሉ ርሷል። ሱሪውን ገልብጬ ወደ ብርሃን አድርጌ ብመለከተው ላስቲኩ ላይ አንዲት ቀዳዳ የለም። ከዚህም ሌላ ደረቴና ጀርባዬ ላይ ያለው ሸሚዝ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ይህ ከዝናቡ ይሁን ከላቤ መለየት አልቻልኩም።

ሱቆችን ስዞር እንደ እኔው ያለ ወፍራም ፒቪሲ፣ ከውስጥ የተቀባ ቀላል ናይለን፣ እንዲሁም አንድ ወጥ ቱታ አይቻለሁ። አንዳንዱ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ምልክት ተጽፎበታል፤ ሻጮቹ ትርጉሙን ሊያስረዱኝ አልቻሉም። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ መሪውን ጭምር የሚሸፍነውን፣ ያለ እጅጌ ከራስ ላይ የሚጠለቀውን ሰፊ ላስቲክ ይመርጣሉ። ከእነዚህ የቱ ይሻላል ትላላችሁ?


መልስ፦ ነባር ሞተረኛ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ላስቲኩ ላይ ቀዳዳ አለማግኘትዎ ዋናውን ነገር ይነግረናል፤ ዝናብ ወደ ሞተረኛ ገላ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ፣ በዚፑና በክፍት ጫፎቹ ነው። ስለዚህ ልብስ ሲመርጡ የጨርቁን ውፍረት በእጅዎ እየመዘኑ ከመፍረድ ይልቅ አሰፋፉንና አቆራረጡን ይመርምሩ።

ብሽሽትዎ ቀድሞ የሚርስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተር ላይ ሲቀመጡ ሁለቱ ጭኖችዎና ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) መሃላቸው ላይ ጎድጓዳ ቦታ ይፈጥራሉ፤ ከሄልሜትዎ የሚንጠባጠበውና ከደረትዎ የሚወርደው ውሃ በሙሉ እዚያ ይጠራቀማል። ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ ይህ ውሃ ወደ እግር ወርዶ ያልቅ ነበር፤ በተቀመጠ ሰው ላይ ግን ኩሬ ሠርቶ ይቆያል፣ የሰውነት ክብደትም ጨርቁን ከመቀመጫው ጋር እየተጫነ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አራቱ የሱሪው ቁራጮች የሚገናኙበት መስቀለኛ ስፌት ያለው ደግሞ በትክክል እዚያው ቦታ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ ፊቱ ላይ ዚፕ የሌለውን ሱሪ ይምረጡ፤ ከተገኘም ከፊት እስከ መቀመጫው ድረስ አንድ ወጥ ጨርቅ የገባበትና መስቀለኛ ስፌቱ ከመሃል የተነሣለት ቢሆን እጅግ የተሻለ ነው። ወገቡ ከፍ ብሎ እስከ ደረት የሚደርስና በትከሻ ማንገቻ የሚያዝ ሱሪም አለ፤ ጃኬቱ ወደ ላይ ቢሸሽ እንኳ ወገብዎን ስለማያጋልጥ ለእርስዎ ሥራ ይስማማል።

ቱታው ወገብ ላይ ክፍተት ስለሌለው ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም የበለጠ መከላከያ ነው። እርስዎ ግን በየቢሮው እየወረዱ ደረጃ የሚወጡ ሰው ነዎት፤ ጃኬቱን ብቻ አውልቀው መግባት ሲፈልጉ ቱታው ያስቸግርዎታል፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለመልበስም አይመችም። ስለዚህ ሁለት ክፍል ያለውን እመክራለሁ፤ ጃኬቱ ግን ሲቀመጡም መቀመጫዎን የሚሸፍን ርዝመት ይኑረው፣ ሁልጊዜም ከሱሪው በላይ ይዋል።

ልኩን በተመለከተ፣ በዝናብ ቀን የሚለብሱትን ሹራብና ጃኬት ለብሰው ወደ ሱቁ ይሂዱና ከላዩ ደርበው ሞተርዎ ላይ ይቀመጡ። ቆመው ልክ የሆነ ሱሪ ጉልበት ሲታጠፍ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል፤ እጅጌውም እጅዎ ወደ መሪው ሲዘረጋ ከአንጓዎ በላይ ይቀራል። በአብዛኛው ከመደበኛ ልክዎ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት ያስፈልጋል። እጅግ ሰፊ የሆነው ደግሞ በነፋስ እየተርገበገበ ስፌቱን ያላላዋል፤ ክንድና ባት ላይ ማጥበቂያ ያለውን ካገኙ ይህን ችግር ያቃልላል። ሻጩ ሞተር ላይ ተቀምጠው እንዲለኩት ካልፈቀደልዎ ሌላ ሱቅ ቢሞክሩ ይሻላል።

ዚፑን ሲያዩ መክደኛው ድርብ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱ መክደኛዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጣጥፈው መሃላቸው ላይ ቦይ ሲሠሩ፣ የመጀመሪያውን ያለፈ ውሃ በዚያው ወደ ታች ይፈስሳል፤ በአንድ ነጠላ መክደኛ ብቻ የተሸፈነ ዚፕ ግን ነፋስ ከፊት እየገፋበት ዶፉን አይችልም።

አንገትም ብዙ ሰው የሚዘነጋው በር ነው። ከሄልሜት ጀርባ የሚወርደው ውሃ ቀጥ ብሎ ወደ ኮሌታ ይገባል። ኮሌታው ከፍ ያለና በቬልክሮ የሚጠብቅ ይሁን፤ የጃኬቱን ኮፍያ ደግሞ ወደ ውስጥ አጥፈው ይዝጉት፤ ከጀርባ ተንጠልጥሎ የቀረ ኮፍያ ውሃ ይሞላል፣ ነፋስም ይዞ ይጎትትዎታል። ከሄልሜት ውስጥ የሚደረግ ከሆነ የሄልሜቱን ልክ ያዛባል። የጥጥ ሻርፕ የሚጠመጥሙ ከሆነ ጫፉ ከኮሌታው ውጭ እንዳይታይ ይጠንቀቁ፤ አንዲት ጫፍ ውጭ ከቀረች እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን እየሳበች እስከ ደረትዎ ታደርሰዋለች።

ከራስ ላይ ስለሚጠለቀው ሰፊ ላስቲክ የጠየቁት በጣም ያሳስበኛል። ለቆመ ሰው ጥሩ ነው፤ በሞተር ላይ ግን ነፋስ ሲገባበት እንደ ሸራ ይነፋል፣ ጫፉ ወደ ሰንሰለቱ ወይም ወደ ኋላ ጎማው ሊገባ ይችላል፣ መሪውን ሲሸፍንም የእጅ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑንና የፍሬቻውን ማብሪያ ከዓይን ይሰውራል። በተንሸራታች አስፋልት ላይ እጅ ከጨርቅ ጋር መታገል የለበትም። ባልደረቦችዎም ቢተዉት እለምናቸዋለሁ።


መልስ፦ ልብስ ሰፊዋ ከመርካቶ

እኔ ሞተር አልነዳም፤ ሥራዬ ስፌት ነው፤ በየክረምቱ ግን ከሞተረኞች ብዙ የዝናብ ልብስ ለጥገና ስለሚመጣልኝ የማውቀውን ልንገርዎ ወንድሜ።

በልብሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ጨርቁ ውሃ ሳያሳልፍ ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ዓምድ ቁመት ነው። 10,000 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ጨርቁ ላይ ቢቆም የሚፈጥረውን ግፊት ይችላል ማለት ነው። በራሱ የሚወርድ ዝናብ ይህን ያህል ግፊት የለውም፤ ነባሩ ወንድማችን እንዳሉት ግን ርጥብ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱን ይጨምርበታል፣ ነፋሱም ደረቱ ላይ ውሃውን ይገፋል። ስለዚህ ለሞተር ከፍ ያለው ቁጥር ይመረጣል። ይሁንና ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጨርቁ ብቻ ነው፤ ስለ ስፌቱ ምንም አይልም።

በተራ የስፌት መኪና በተሰፋ ልብስ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 3 ወይም 4 የመርፌ ቀዳዳ አለ። አንድ ሱሪ ስንት ሜትር ስፌት እንዳለው ያስቡና፣ ሁሉም ካልተደፈነ ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምን እንደሚሆን ይገምቱ። ወደ ብርሃን አድርገው ቀዳዳ ያላዩትም ክሩ ስለሞላው ነው፤ ክሩ ራሱ ውሃ ይስባል። የጥሩ ልብስ ስፌት ከውስጥ በኩል በሙቀት በተለጠፈ ቴፕ ይሸፈናል። ልብሱን ገልብጠው ቴፑ በሁሉም ስፌት ላይ መኖሩን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ትከሻው ላይ ተለጥፎ ብሽሽቱና ኪሱ ላይ ይተዋል። ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ጫር ያድርጉት፤ ከተነሣ ወይም ከሥሩ አረፋ መሰል እብጠት ካለ አይግዙት። ስፌቶች በሚሻገሩበት ቦታ ቴፑ በቴፕ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ ጥሩ አምራች እዚያ ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቁራጭ ቴፕ ይጨምርበታል። ፒቪሲ ሲሆን ደግሞ ያለ መርፌ በሙቀት ሊበየድ ስለሚችል፣ በክር የተሰፋውንና የተበየደውን ፒቪሲ አንድ አድርገው አይመልከቱ።

ገዝተው ቤት ሲገቡ በዝናብ መሃል ከመሞከር በፊት ይህን ያድርጉ። ሱሪውን ገልብጠው ብሽሽቱን ወደ ታች በማድረግ እንደ ከረጢት ይያዙትና ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያፍስሱበት። የልብሱ የውጭ ገጽ አሁን ከውሃው ጋር ነው፤ ቴፑ ደግሞ በእርስዎ በኩል ይታያል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በመስቀለኛው ስፌት ላይ ጤዛ የመሰለ ነጠብጣብ ከወጣ፣ መንገድ ላይም የሚገባው በዚያው ነው። አሁን ያለዎትን ሱሪም በዚሁ መንገድ ይፈትሹት፤ በተቀረው ደህና ከሆነ ስፌቱን ብቻ አስደፍነው ሊያቆዩት ይችላሉ። ለመድፈን የተቀባውን ናይለን ከደረቀ በኋላም የሚለጠጥ የፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ፣ ፒቪሲውን ደግሞ ለፒቪሲ የተሠራ ማጣበቂያ ይስማማዋል፤ ጠጥሮ የሚደርቅ ኮላ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አንጸባራቂ ጥብጣብ ወይም የድርጅት ምልክት ጃኬታቸው ላይ እንድሰፋላቸው የሚያመጡ ደንበኞች አሉ፤ ሁልጊዜ እምቢ እላቸዋለሁ። በጀርባ ላይ የተሰፋ ምልክት ዙሪያውን በመርፌ የተበሳ ጀርባ ነው። የሚለጠፍ ይግዙ፤ ወይም ምልክቱን ከላይ በሚደረብ ሰደርያ ላይ አሰፍተው ይልበሱት።

እንክብካቤውም ቀላል ነው። ርጥብ እንዳለ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አይክተቱት፤ እርጥበት ውስጥ የሚከርም የፖሊዩሪቴን ቅብ በዓመታት ውስጥ እየተላላጠ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በጥላ ይሰቀል፤ ፀሐይ ፒቪሲውን ያደርቀዋል፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጣት ደግሞ ቴፑን ያስለቅቃል። በረኪናና የጨርቅ ማለስለሻ አያስነኩት። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ቢባልም ለአዲስ አበባ ሞተረኛ መስከረምም ዝናብ አለውና፣ አጥበው ለማስቀመጥ አይቸኩሉ።


መልስ፦ ከስድስት ኪሎ

በቀረቡት መልሶች በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም የነካችሁት ውሃው ከውጭ የሚገባበትን ነው፤ የጠያቂው ግማሽ ችግር ግን ከውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል። እኔም በየዕለቱ ከስድስት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሞተር ስለምመላለስ ይህን ጉዳይ በቅርብ አውቀዋለሁ።

ዝናብንና ላብን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ያፈሰሰ ስፌት የሚያረጥበው ቦታ ወሰን አለው፤ ከአንድ መስመር ወይም ነጥብ ተነሥቶ ወደ ታች ይሰፋል፣ መጀመሪያም ቀዝቃዛ ነው። ላብ ግን ደረትንና ጀርባን በእኩል ያረጥባል፣ ልብሱም ከውስጥ ሲዳስሱት በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሸፍኖ ይገኛል። እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ብሽሽትዎ ላይ ያለው ዝናብ፣ ሸሚዝዎ ላይ ያለው ደግሞ የራስዎ ላብ ነው። ፒቪሲ እንፋሎት ጨርሶ አያሳልፍም፤ አንድ ፓኬት ይዞ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሙቀቱን ይዞ ጃኬቱን ይዘጋበታል፤ ከዚያም ቁልቁለት ሲወርድ ነፋሱ የላስቲኩን ፊት ሲያቀዘቅዘው እንፋሎቱ ከውስጥ ወደ ውሃ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነች ከተማ ናት፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ርጥብ ሸሚዝ ለብሶ በነፋስ መሄድ ጣትን እስከማደንዘዝ ይደርሳል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወቅቱ አይዝም።

ለዚህ የተሠራው እንፋሎት የሚያስወጣ ስስ ሽፋን ያለው ጨርቅ ነው። ከሁሉ የታወቀው ጎርቴክስ ሲሆን፣ መነሻው ቦብ ጎር በ1969 ፒቲኤፍኢ የተባለውን የፕላስቲክ ዓይነት አሙቆ በፍጥነት በመሳብና በመለጠጥ ያገኘው ነገር ነው። በሽፋኑ ላይ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለውሃ ጠብታ የጠበቡ፣ ለእንፋሎት ግን የሰፉ ናቸው። እንፋሎቱ የሚወጣው ከውስጥ ሞቆና ረጥቦ ከውጭ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ የእኛ ቀዝቃዛ ክረምት ይስማማዋል። ሆኖም የውጭው ጨርቅ ውሃውን እያንከባለለ መጣሉን ትቶ መጠጣት ሲጀምር እንፋሎቱ ይታፈናል፤ ጭቃና የሳሙና ቅሪት ይህን ያፋጥኑታል። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደር፣ ልብሱን በቀን ደጋግሞ ለሚለብስና ለሚያወልቅ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ልብስ ላይ አውጣ ብዬ ለመምከር አልደፍርም።

የእኔ ምርጫ መሃለኛው ነው፤ ስፌቱ በቴፕ የተሸፈነ፣ ከውስጥ የተቀባ ናይለን፣ ጀርባው ላይ በመክደኛ የተሸፈነ የአየር መውጫና ከጨርቁ ጋር ገላን የሚያራርቅ መረብ ገበር ያለው። ከሥሩ የጥጥ ሸሚዝ ሳይሆን የሱፍ ወይም የፖሊስተር ሹራብ ይልበሱ፤ ጥጥ ላብን ይዞ ይቀዘቅዛል። ከሕንፃ ሲገቡም ጃኬቱን ሳያወልቁ ቢያንስ ዚፑን ይክፈቱት።

ቀለሙን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዩት እለምናለሁ። ሱቆቹ በአብዛኛው ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ነው የሚያቀርቡት፤ ዶፉ ሲወርድ የታክሲው መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ሾፌሩ በሚያየው ጠባብ ቦታ ውስጥ ጥቁር ልብስ ከአስፋልቱ አይለይም። ቀን ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይታያል፤ ከመሸ በኋላ ግን ደማቁ ቀለም ብቻውን አይበቃም፣ የመኪና መብራት መልሶ የሚያበራ አንጸባራቂ ጥብጣብ ያስፈልጋል። ሁለቱም ያሉበትን ይፈልጉ።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ መልእክተኛው ከፒያሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የልብስ ሰፊዋን እኅቴን ምክር ዛሬውኑ ፈትሼው፣ ውሃው መስቀለኛው ስፌት ላይ ወጥቶ አይቻለሁ። ሁለት ክፍል ያለውን፣ ቢጫውን የተቀባ ናይለን ለመግዛት አስቤያለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ እጅና ስለ እግር ነው። ጓንቴ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ማርሚታውም ናይለኑን እንዳያቀልጠው እሰጋለሁ።


መልስ፦ ነባር ሞተረኛ

ጓንት ውስጥ ውሃ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ጓንቱ ስለሚያፈስስ አይደለም። በእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ ክንድ ከትከሻ ወደ መሪው ያዘቀዝቃል፤ የጓንቱ አፍ ከእጅጌው በላይ ከዋለ በክንድዎ ላይ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ወደ ጣቶችዎ ይፈስሳል። አጭር አንገት ያለውን ጓንት ከእጅጌው ሥር ከትተው እጅጌውን በቬልክሮ ያጥብቁበት። መሪያቸው ከፍ ያለና ክንዳቸው ወደ ላይ የሚያጋድል ሰዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ።

ለእግር ከጫማ በላይ የሚጠለቀው ላስቲክ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ የግራው ግን ማርሽ በሚነካበት ቦታ ቶሎ ይበሳል፣ ሶሉም እግር መሬት ላይ ሲያሳርፉ ያንሸራትታል። ሶሉ ጥርስ ያለው የላስቲክ ቦት ጫማ ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ ያዋጣል፤ ሱሪው ከቦቱ በላይ እንጂ ወደ ቦቱ ውስጥ አይግባ። ሱሪውን ሲመርጡ እግሩ እስከ ጉልበት በዚፕ የሚከፈት መሆኑን ይዩ፤ ከሌለው ቦቱ ላይ ፌስታል አጥልቀው ካንሸራተቱት ሳያወልቁ ያልፍልዎታል። የባቡሩ ድልድይ ሥር ቆመው ሲለብሱ ይህ ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ብለው ግን ይቁሙ።

ማርሚታውን በተመለከተ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ናይለንም ፒቪሲም ሲነካው ይቀልጣል። አንዳንድ ሱሪዎች በቀኝ እግር ውስጠኛ ጎን ሙቀት የሚችል ጨርቅ ተደርቦባቸው ይመጣሉ፤ ይህን ሻጩን ጠይቀው በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ከሌለው፣ በማርሚታው ላይ የብረት መከለያው በቦታው መኖሩንና አለመላላቱን ይዩ፤ የሱሪውን ጫፍ ደግሞ ባትዎ ላይ በማጥበቂያው ጠቅልለው ትርፉ ጨርቅ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ከማርሚታው ወደ ሸሸው የውጭ ጎን እንዲታጠፍ ያድርጉት። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ቀኝ እግርዎን ፍሬኑ ላይ ትተው በግራው ቢቆሙ፣ ጨርቁ ከማርሚታው ጋር የሚገናኝበት አጋጣሚ ያንሳል።